ሁለት ዌበር ለአንድ አሮጌ ፊያት፦ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠውና የቸኮለ ይሂድ። ለፊያት 124 ስፓይደር ሁለት ዌበር 40 አይዲኤፍ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ) ጥሩ ዕቃ ነው፣ ገንዘቡንም ያወጣል። ግን ከሳጥን አውጥቶ፣ በብሎን አስሮ፣ ቁልፍ አዙሮ ወዲያው «ጉልበት ጨመረልኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የጨመረለት ድምፁ ነው። እያንዳንዱ ካርቡሬተር ሁለት አፍ አለው፤ አራት አፍ አየር ሲስብ ጆሮ ይሰክራል፣ የሰከረ ጆሮ ደግሞ ፈረስ ጉልበት አይቆጥርም።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። እንጀራዬ የአውቶቡስ ሜካኒክነት ነው። ሌሊቱን ከናፍጣ ጋር ነው የማሳልፈው፣ ቅዳሜ ግን ለቤንዚን ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1978 ስፓይደር ናት፦ 1756 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ ጣሪያዋ ጨርቅ። እዚህ የምገመግመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ካርቡሬተሮቹ ከነመገጣጠሚያቸው፣ ሁለተኛው መኪናዋን በመጨረሻ ያስተካከልኩበት የዳይኖ ጋራዥ፣ ማለትም የመኪና ጉልበት በሮለር ማሽን የሚለካበት ቦታ። የጋራዡን ስም አልጽፍም። ሰውየው ወሬ አይወድም፣ ወረፋውም እንደሆነ ሞልቷል።

ሞተሩን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ላምፕሬዲ ፌራሪ ቤት ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ሲሠራ የነበረ ሰው ነው፣ በ1955 ወደ ፊያት ሄደ። በ1966 ስፓይደሯ ቶሪኖ ላይ ለሕዝብ ስትታይ ኮፈኗ ሥር 1438 ሲሲ ሞተር ነበር። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ሁለት ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቭ የሚከፍቱ ዘንጎች፣ ተጋድመዋል፣ አንዱ ለአየር ማስገቢያ ቫልቮች፣ አንዱ ለጭስ ማስወጫዎቹ። የሚያዞራቸው ሰንሰለት አይደለም፣ ባለጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው። በዚያን ዘመን ሁለት ካምሻፍት የሀብታም መኪና ምልክት ነበር። ፊያት ለደመወዝተኛ አደረሰው። ሞተሩ ከዚያ ወደ 1608፣ ወደ 1756፣ ወደ 1995 ሲሲ አደገ። ፊያት 131 አባርት በዚሁ ዘር ሞተር የዓለም ራሊ የአምራቾች ዋንጫን በ1977፣ በ1978 እና በ1980 ወስዷል። እነዚያ የላንቻ ዴልታ ኢንተግራሌዎችም ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው የዚሁ ሞተር ልጆች ናቸው።

ጉልበት ለሚፈልግ ሰው ይህ ሞተር ለምን ይመቻል? የማቃጠያ ክፍሉ ጉልላት ቅርጽ ነው። ቫልቮቹ በ65 ዲግሪ ተራርቀው ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ቫልቭ ለማስገባት ቦታ አለ። አየሩ በአንድ ጎን ይገባል፣ ጭሱ በሌላው ጎን ይወጣል። የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው ከካሙ ሥር በምትቀመጥ ክብ ብረት ሲሆን፣ ካምሻፍቱን ሳታወጡ ብረቷን ብቻ ትቀይራላችሁ። ይህችን ነገር ያሰበ ሰው ሜካኒክ የሚወድ ሰው ነው። ብዙ መሐንዲሶች ሜካኒክ የሚባል ፍጡር መኖሩን ረስተው ነው የሚነድፉት።

የአሜሪካዋ ስፓይደር ግን እጇ ታስሮ ነው የመጣችው። በጭስ ሕግ ምክንያት የሞተሩን መጭመቂያ ልክ (ፒስተኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው) ወደ 8 ለ 1 አወረዱት፣ አንድ ዌበር 32 ኤዲኤፍኤ ብቻ ሰጧት፣ ዙሪያዋን በቱቦ ጠመጠሟት። አውሮፓ ውስጥ 118 ፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው 1756 እዚህ 86 አካባቢ ሆነ። ያው ብሎክ፣ ያው ቴስታታ። ሠላሳ ምናምን ፈረስ በወረቀት ጠፋ።

ይህም አልበቃ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ አየር የሚስብ ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። እስቲ እናስላው። 86 ፈረስ በዴንቨር 71 ይሆናል። ካምቢዮና የኋላ አክስል የድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ጎማው ላይ የሚደርሰው 60 አካባቢ ነው። ስድሳ ፈረስ! በሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና! አጎቴ ሶማሌ ተራ አካባቢ የሰይቼንቶ ታክሲ ሲጠግን ስላየሁ በትንሽ ሞተር አልስቅም። ግን ይህች መኪና ከዚህ በላይ አላት፣ የታሰረ ነው እንጂ።

ወደ ካርቡሬተሩ ልሄድ ነው፣ መጀመሪያ ግን ከሱ በፊት ስለሚሠራው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያባክነው።

አንደኛ፣ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን እወቁ። የአራቱንም ሲሊንደር ግፊት ለኩ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር ላይ ሁለት ዌበር መጫን የተቀደደ ጆንያ ላይ ጤፍ እንደመጨመር ነው። ሁለተኛ፣ ቺንጋው። መቼ እንደተቀየረ የማታውቁት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። ከተበጠሰ ቫልቭ ይታጠፋል። ስትቀይሩ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፦ ቺንጋው ከሁለቱ ካምሻፍት ሌላ የዘይት ፖምፓውን የሚያንቀሳቅስ ረዳት ዘንግም ያዞራል። ዘንጉ ላይ የቤንዚን ፖምፓውን የምትገፋ ጉብታ አለች። ዘንጉ ያለቦታው ከታሰረ ጉብታዋ ከሁለተኛው ሲሊንደር ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ክንድ) ጋር ትጋጫለች። «ካምሻፍቶቹ ምልክታቸው ላይ ናቸው» ብሎ ረዳቱን ችላ የሚል ሜካኒክ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉትና ሂዱ። ሦስተኛ፣ እሳቱ። ካንዴላ፣ ገመድ፣ አከፋፋይ። እሳቱን የምትቆርጠውን አሮጌ ፑንቲና አውጥቼ ኤሌክትሮኒክ አስገብቻለሁ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ያለው ልዩነት ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ መጭመቂያው። 8 ለ 1 በሆነ ሞተር ጉልበት መፈለግ ራስን ማድከም ነው። እኔ የአውሮፓውን ልክ የሚሰጡ፣ 9.8 ለ 1 የሚያደርጉ ፒስተኖች አስገባሁ። ቴስታታውን ብቻ ላጭቶ ልኩን ከፍ ማድረግም ይቻላል፣ ግን ወሰን አለው፤ በላጫችሁ ቁጥር የካምሻፍቱ ሰዓት እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ የሚስተካከል ፑሊ ይጠይቃችኋል። ከፍታ ቦታ መኖር እዚህ ላይ ትንሽ ይክሳል፦ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ አያንኳኳም። ለዚህም ነው ኮሎራዶ ውስጥ ተራው ቤንዚን 85 ኦክቴን የሆነው፣ አብዛኛው ሌላ ክፍለ ሀገር 87 ሲሸጥ። ለ9.8 ግን 91ዱን ቅዱ፣ በሳንቲም አትጨቃጨቁ።

ከዚያ ጭሱ። የማቀጣጠል ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው። አንደኛና አራተኛን፣ ሁለተኛና ሦስተኛን አጣምሮ፣ ከዚያ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ቱቦ ጭሶቹ እርስ በርስ እንዳይጋፉ ያደርጋል። ማርሚታውንም (የጭሱን ድምፅ ማፈኛ) ሰፋ አድርጉ። መጠነኛ ይሁን፣ ጎረቤት አለ።

አሁን ዕቃው።

ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ካርቡሬተር፣ የአሉሚኒየም ማስገቢያ፣ የማያያዣ ዘንግ፣ አጫጭር የአየር ማጣሪያ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መጣ። ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ይወጣል ይወርዳል። ዌበር የተመሠረተው ቦሎኛ ነው፣ ዛሬ የሚሠራው ስፔን ውስጥ ነው፣ ይህንንም በላዩ ላይ ታገኙታላችሁ። ገበያው በቅጂ ተሞልቷል። ቅጂው ሲታይ ያምራል፣ ግን ዘንጉን በጣታችሁ ወዝውዙት፦ ከላላ አየር ይሰርቃል፣ አየር የሚሰርቅ ካርቡሬተር ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይስተካከልም። የኔዎቹ ዘንጋቸው ጥብቅ ነው፣ ቢራቢሮዎቹም (አየሩን የሚዘጉት ክዳኖች) እኩል ይዘጋሉ። ቀረጻው ንጹሕ ነው። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ማያያዣ ዘንጉ ላይ ነው። እሱን የሠራው ዌበር አይደለም፣ ዕቃውን አሰባስቦ የሸጠልኝ ነጋዴ ነው የጨመረው። የጫፍ መጋጠሚያዎቹ ላሉ ነበሩ። ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል ሰዓት ካልተከፈቱ ሁለት ሲሊንደር ይሮጣል፣ ሁለቱ ያዛጋል። መጋጠሚያዎቹን ጥራት ባለው ኳስ መጋጠሚያ ቀየርኳቸው። ለነጋዴው ጻፍኩለት፣ «ሁሉም ደንበኛ እንዲሁ ነው የሚጠቀመው» አለኝ። እሺ ብዬ ተውኩት፣ ምን ላድርገው።

ኮፈኑ ይዘጋል ወይ ለምትሉ፣ ይዘጋል፣ ማጣሪያው አጭር ከሆነ። ስፓይደሯ ኮፈን ላይ የምታዩዋቸው ሁለት እብጠቶች ጌጥ አይደሉም፣ ረጅሙ ሞተር ሲመጣ ቦታ እንዲያገኝ ነው የተሠሩት። ሁለት ዌበርም ለዚች መኪና እንግዳ አይደለም። ፊያት ራሱ 1608 ሞተር ላይ ሁለት 40 አይዲኤፍ ገጥሞ ሸጧል፣ በ1972 የመጣችው 124 አባርት ራሊ ደግሞ ሁለት 44 አይዲኤፍ ይዛ 128 ፈረስ ትሰጥ ነበር።

የነገሩ ዋና ግን ጂግለር ነው። ጂግለር ማለት ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ብሎን ናት። ላይዋ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ዲያሜትር ነው፣ 115 ማለት 1.15 ሚሊሜትር። የኔ ካርቡሬተሮች ሲመጡ በውስጣቸው የነበረው የተለመደው አሰላለፍ ነው፦ የአየር ጉሮሮው (አየሩ የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ) 28 ሚሊሜትር፣ ዋናው ጂግለር 115፣ የአየሩ ጂግለር 200፣ የዝቅተኛው ዙር ጂግለር 50፣ አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ቱቦ ኤፍ 11። ይህ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የማይከፋ መነሻ ነው። ለዴንቨር ግን ቤንዚኑ ይበዛል።

ለምን? ካርቡሬተር አየርን በክብደት አይመዝንም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ድብልቁ እየወፈረ ይሄዳል። የዴንቨር አየር 17 በመቶ ሲሳሳ ድብልቁ በ9 ወይም በ10 በመቶ ይወፍራል። ያንን ለማካካስ የቀዳዳውን ዲያሜትር በ5 በመቶ ገደማ ማጥበብ ነው። 115 የነበረው 110 ይሆናል ማለት ነው። ይኸው ነው ሒሳቡ፣ ምሥጢር የለውም።

ጉሮሮው ሌላ ጥያቄ ነው። 28 ሚሊሜትር ከተማ ውስጥ ደስ ይላል፣ ፔዳሉን ነካ ስታደርጉት ይመልሳል፣ ግን በደቂቃ ከ5,000 ዙር በኋላ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። የ32 አፍ አየር የሚያልፍበት ቦታው ከ28ቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይሰፋል። ላይ ላይ ይጮሃል፣ ታች ግን ይተኛል። ማቆሚያ መብራት ላይ የሚተኛ መኪና አልፈልግም። 30 መረጥኩ። በተለመደው የጣሊያኖች ሒሳብ ዋናው ጂግለር የጉሮሮው አራት እጥፍ ነው፣ 30 ሲባዛ በ4፣ 120። ለዴንቨር 5 በመቶ ስንቀንስ 114 ምናምን። ስለዚህ ከሳጥኑ የመጣችው 115 ሳትቀየር ለሰፊው ጉሮሮ በቃች። ያለ ትርፍ ወጪ እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዋናውን ጂግለር ሰው ሁሉ ያወራለታል፣ ነገር ግን ከተማ ውስጥ ስትነዱ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ የሚጠጣው ከዝቅተኛው ጂግለር ነው። እስከ 2,500 ወይም 3,000 ዙር ድረስ። ቀስ ብላችሁ ፔዳሉን ስትጫኑ መኪናው ጎተት ካለ፣ ከማጣሪያው በኩል «ፑፍ» ካለ፣ ችግሩ እዚያ ነው ያለው። የኔ 50 ለዚህ ከፍታ ልክ ሆነ። የቤንዚኑን ግፊትም ተቆጣጠሩ። ከ3 ፒኤስአይ በላይ ከሆነ ቤንዚኑን የምታቆመው መርፌ አትችለውም፣ ካርቡሬተሩ ይጥለቀለቃል። ትንሽ የግፊት መቀነሻ አስገቡ፣ አትሰስቱ።

ሁለቱን ማመጣጠን ትዕግሥት ይጠይቃል። የአየር ፍሰት መለኪያዋን በአንዱ አፍ ላይ ትይዛላችሁ፣ ታነባላችሁ፣ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ፣ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ትነካላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ባለቤቴ በመስኮት አይታኝ «ሐኪም ነህ ወይስ ሜካኒክ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ እጄ ሥራ ላይ ነበር።

ፈተናው መንገድ ላይ ነው። ጎልደን ከተማ አጠገብ ያለው የሉክአውት ማውንቴን መንገድ ለዚህ የተፈጠረ ነው፦ ጠመዝማዛ፣ ዳገት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ። ጭሱ መውጫ ላይ የአየርና ቤንዚን መለኪያ አስገብቼ ነው የወጣሁት። ሙሉ ፔዳል ላይ 13 አካባቢ (ለአንድ እጅ ቤንዚን 13 እጅ አየር) ማንበብ አለበት፣ ከ12 በታች ከወረደ ወፍሯል፣ ከ14 በላይ ከወጣ በአስቸኳይ እግርን ማንሳት ነው። 30ው ጉሮሮ ከ3,000 ዙር ጀምሮ መሳብ ይጀምራል፣ እስከ 6,000 ድረስ አይደክምም። በድሮው ካርቡሬተር ሦስተኛ ማርሽ የሚያስለምናችሁን ዳገት አሁን በአራተኛ ትወጡታላችሁ። በሀይዌይ 70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዋሻው 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ለአውሮራ የተለካው ጂግለር እዚያ ላይ እንደገና ይወፍራል፣ መኪናው ይከብደዋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ካርቡሬተር የሚኖርበትን ሰፈር ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህን መቀበል የማይችል ሰው ኢንጀክሽን ይግዛ።

አሁን ስለ ዳይኖው ጋራዥ። ዴንቨር ውስጥ ባለ ሮለር ዳይኖ ብዙ ነው። ካርቡሬተር የሚነካ ግን ጥቂት ነው። ወጣቶቹ ላፕቶፕ ሰክተው ነው የሚያስተካክሉት፣ ላፕቶፕ የማይሰካበት ነገር ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። እኔ ያገኘሁት ሽማግሌ ነው፣ ጂግለሮቹን በቁጥር ቅደም ተከተል በእንጨት ሳጥን ያስቀምጣል። መኪናዋን ሮለር ላይ ከማውጣቱ በፊት ካንዴላዎቹን አስወልቆ አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አያቸው። «ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ቀጠን ያለ ነው የሚበላው» አለ። ፈታሁት፣ ማስገቢያው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል። ሞተር ሳያስነሳ ነው ያወቀው። ለዚህ ብቻ የከፈልኩት ይገባዋል።

ስለ ዳይኖ ቁጥር ግን ጠንቀቅ በሉ። ማሽኑ የሚያትመው ሁለት ዓይነት ነው፦ የተለካው ራሱ፣ እና ወደ ባሕር ጠለል የተመነዘረው። በዚህ ከፍታ ምንዛሬው 20 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ይዞ የሚያሳያችሁ የተመነዘረውን ነው። እውነት ነው፣ ውሸት አይደለም፣ ግን ዳገቱን የሚወጣው ያልተመነዘረው ነው። ሁለቱንም ወረቀት ጠይቁ። ሽማግሌው ሳልጠይቀው ሁለቱንም ሰጠኝ፣ ያልተመነዘረውን በብዕር አስምሮበት። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ሥራ ብርቅ ነው።

ውጤቱስ? ፒስተኑና ጭሱ ከተሠሩ በኋላ፣ በድሮው ካርቡሬተር አንድ ጊዜ ለክተናት ነበር። ከዚያ ሁለቱን ዌበር ጭነን ለካን። ካርቡሬተሩ ብቻውን የጨመረው ከ4,500 ዙር በታች ጥቂት ነው፣ ለመናገርም አያበቃም። ከዚያ በላይ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው የጉልበት መስመር ከድሮው ተለይቶ ወደ ላይ ይሄዳል፣ የድሮው ወደ ታች በሚዞርበት ቦታ ይህ ገና ይወጣል። ሽማግሌው እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ሲያስቀድመው መሃሉም ሞላ። በአጠቃላይ፣ ከፒስተን እስከ ካርቡሬተር ያለው ሥራ ሲደመር መኪናዋ አውሮፓውያኑ በባሕር ዳርቻ ይነዱት ከነበረው ብዙም የማይርቅ ጉልበት እዚህ ተራራ ላይ አገኘች። የዋጋውን ደረሰኝ ለባለቤቴ አላሳየሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ።

ጥፋቶቹን ልናገር። ቤንዚን ይጠጣል። እግራችሁ ከከበደ ደግሞ ያለ ገደብ ይጠጣል። ጠዋት ብርድ ላይ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ረግጣችሁ ነው የምታስነሱት፣ እስኪሞቅም ውስጡ ተቀምጣችሁ በእግር ትይዙታላችሁ። ክፉው ግን የበጋ ሙቀት ነው። የዛሬው ቤንዚን 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ማንኛውም ፈሳሽ ቀድሞ ይፈላል። እዚህ አውሮራ ሀቫና ጎዳና ላይ ቆማችሁ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ፈልቶ ተንጠባጥቧል፣ ሞተሩም አልነሳም ይላል። ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ ይዛችሁ ቁልፉን አዙሩ፣ ይነሳል። ከካርቡሬተሩና ከማስገቢያው መሃል ሙቀት የሚከለክል ወፍራም ማገጃ ብትጨምሩ ይሻሻላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም።

አዲስ አበባ ላላችሁ። የግል ቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ አሮጌ ፊያት የያዘ ሰው ዘንድሮ ንብረቱን በደንብ መያዝ አለበት። 124፣ 125፣ 132 ያለው ሰው ከውጭ የሚላክለትን ካርቡሬተር በሳጥኑ ልክ አይጫነው። አዲስ አበባ ከዴንቨር በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች፣ ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው። በዚሁ ሒሳብ የ28 ጉሮሮ ዋና ጂግለር ወደ 105፣ የ30 ጉሮሮ ወደ 110 ይወርዳል። ዝቅተኛውን በ45 ጀምሩ፣ ካሳል ወደ 50 ውጡ። የሚላክላችሁ ሰው ካርቡሬተሩን ብቻ ሳይሆን የጂግለር ስብስቡን አብሮ እንዲያስገባ ንገሩት። ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ሻንጣ አይከብድም። ጂግለርን በቁፋሮ ማስፋት ወይም በቆርቆሮ ማጥበብ የሚባል ነገር አለ፣ አይቻለሁ፣ እባካችሁ አታድርጉት።

ይህን ሁሉ የማይፈልግ ሰውስ? አንድ ሰፋ ያለ ባለ ሁለት አፍ ካርቡሬተር፣ ጥሩ የጭስ ቱቦ፣ የተስተካከለ እሳት። ከሁለት ዌበር ዋጋ በጣም ባነሰ ገንዘብ የጉልበቱን ግማሽ ያገኛል፣ ጠዋትም ያለጸሎት ይነሳለታል። መኪናውን በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚነዳ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ሁለቱን ዌበር ቅዳሜ ላለው፣ እጁን ማቆሸሽ ለማይፈራ፣ ሒሳብ ለሚወድ ሰው ነው የምመክረው። ካርቡሬተሩን ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ማያያዣ ዘንጉን ሁለት። ለዳይኖው ሽማግሌ አምስት። ራሱ ፈልጎ ያገኘው ሰው ቀጠሮ ለመያዝ ስልክ ይደውልለት፣ መልእክት ቢጽፍለት አያነበውም።